እንግዳ ቃላት በአፍ መፍቻ ቋንቋ ንባብ ውስጥ፦ የእንግሊዝኛ አንባቢዎች ልምድና ለሁለተኛ ቋንቋ አንባቢ ያለው ትርጉም

መግቢያ

እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት የተማረ አንባቢ በአንድ ገጽ ላይ አራት ወይም አምስት የማያውቃቸው ቃላት ሲገጥሙት ጉድለቱን ወደ ራሱ ማዞር ይቀናዋል። በቋንቋው አፉን የፈታ ሰው ያንኑ ገጽ ያለ አንዳች እንቅፋት እንደሚያነበውም ይገምታል። ይህ ግምት በብዙዎች ዘንድ የጸና ቢሆንም በቋንቋና በንባብ ጥናት መስክ ከተደረሰባቸው ውጤቶች ጋር አይጣጣምም። የእንግሊዝኛ አፍ ፈቺዎች ዕድሜያቸውን ሁሉ እንግዳ ቃላት ይገጥሟቸዋል፤ ልዩነቱ ያለው በድግግሞሹ፣ በቃላቱ ዓይነትና ከዚያ በኋላ አንባቢው በሚወስደው እርምጃ ላይ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻ ቋንቋቸው የሆነ አንባቢዎች በንባብ ወቅት ምን ያህል ጊዜ እንግዳ ቃል እንደሚገጥማቸው በዘርፉ የታወቁ ጥናቶችን መሠረት በማድረግ ማብራራት ነው። ለጥያቄው አንድ ቁርጥ ያለ አኃዝ መስጠት አይቻልም፤ መልሱ በሦስት ነገሮች ላይ ይመሠረታልና። እነርሱም የቆጠራው መለኪያ፣ የአንባቢው የቃላት ሀብትና የጽሑፉ ዓይነት ናቸው። ጽሑፉ እነዚህን በቅደም ተከተል ከተመለከተ በኋላ ጉዳዩ የከፍተኛ ትምህርታቸውን በእንግሊዝኛ ለሚከታተሉ የኢትዮጵያ ተማሪዎች ያለውን ትርጉም ያሳያል።

የቆጠራው መለኪያ፦ «ቃል» እና «ማወቅ»

በቃላት ሀብት ላይ የተደረጉ ጥናቶች እርስ በርሳቸው የሚጋጩ የሚመስሉበት ዋናው ምክንያት «ቃል» የሚለውን በተለያየ መንገድ መተርጎማቸው ነው። «ናሽን»፣ «ናሽናል»፣ «ናሽናሊስት» እና «ናሽናሊቲ» የሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላት እንደ አራት የመዝገበ ቃላት መግቢያዎች ሊቆጠሩ ይችላሉ፤ ከአንድ ሥር የወጡ የአንድ ቤተሰብ አባላት ናቸው ተብለው እንደ አንድ ሊቆጠሩም ይችላሉ። የመጀመሪያው አቆጣጠር በለማ፣ ሁለተኛው በቃል ቤተሰብ መቁጠር ይባላል። አንድ ሰው በለማ ሲቆጠርለት አርባ ሺህ፣ በቃል ቤተሰብ ሲቆጠርለት ግን አሥራ አንድ ሺህ ቃላት ሊኖሩት የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ልዩነት በጽሑፍ ውስጥ ባሉ ተከታታይ ቃላትና በተለያዩ ቃላት መካከል ያለው ነው። በአንድ የሥነ ሕይወት ምዕራፍ ውስጥ አንድ እንግዳ ቃል አርባ ጊዜ ቢደጋገም በተከታታይ ቃላት ቆጠራ አርባ፣ በተለያዩ ቃላት ቆጠራ ግን አንድ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ «ከመቶ ሁለቱ ቃላት እንግዳ ናቸው» የሚል አነጋገር የትኛው ቆጠራ እንደተወሰደ ካልተገለጸ ትርጉሙ ግልጽ አይሆንም። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ መቶኛዎች በተለየ ሁኔታ ካልተገለጹ በቀር የሚያመለክቱት ተከታታይ ቃላትን ነው።

«ማወቅ» የሚለውም ቢሆን ቀላል ጽንሰ ሐሳብ አይደለም። አሜሪካዊው የትምህርት ተመራማሪ ኤድጋር ዴል እ.ኤ.አ. በ1965 የቃል ዕውቀትን በአራት ደረጃዎች ከፍሎታል። በመጀመሪያው ደረጃ ሰውዬው ቃሉን አይቶት አያውቅም፤ በሁለተኛው ሰምቶታል፣ ትርጉሙን ግን አያውቅም፤ በሦስተኛው በአውድ ውስጥ ሲያየው ከምን ጉዳይ ጋር እንደሚያያዝ ይገባዋል፤ በአራተኛው በሚገባ ያውቀዋል። ለንባብ ጥናት አስቸጋሪው ሦስተኛው ደረጃ ነው። አንባቢው ጠቅላላውን መልእክት ስለተረዳ ቃሉን እንደሚያውቀው ሊቆጥር ይችላል፤ ትርጉሙን ንገረኝ ቢባል ግን ይቸገራል። ለምሳሌ «ኤነርቬት» የሚለው የእንግሊዝኛ ግሥ «ማዳከም» ማለት ሲሆን፣ «ኤነርጂ» ከሚለው ቃል ጋር በድምፅ ስለሚመሳሰል የቋንቋው ባለቤቶች ራሳቸው «ማበርታት» ማለት አድርገው ሲወስዱት ይታያል። እንዲህ ያለው አንባቢ እንግዳ ቃል እንደገጠመው ሳያውቅ አልፎ ይሄዳል። ስለሆነም አንባቢዎች ስለ ራሳቸው የሚሰጡት ምስክርነት እውነተኛውን ቁጥር ዝቅ አድርጎ የማሳየት ዝንባሌ አለው።

የአንባቢው የቃላት ሀብት

የአንድ አዋቂ የእንግሊዝኛ አፍ ፈቺ የቃላት ሀብት ምን ያህል ነው ለሚለው ጥያቄ ባለፈው ምእተ ዓመት ከ10,000 በታች እስከ 200,000 በላይ የሚደርሱ ግምቶች ቀርበዋል። ከእነዚህ መካከል በአሠራራቸው ጥንቃቄ የሚታወቁ ሁለት ጥናቶችን መጥቀስ ይበቃል። የመጀመሪያው ጎልደን፣ ኔሽንና ሪድ በኒውዚላንድ አካሂደው እ.ኤ.አ. በ1990 ያሳተሙት ነው። ከአንድ ትልቅ መዝገበ ቃላት ናሙና በመውሰድ የዩኒቨርሲቲ ምሩቃንን የፈተኑት እነዚህ ተመራማሪዎች የተማረ አዋቂ ተናጋሪ በአማካይ 17,000 ገደማ የቃል ቤተሰቦችን እንደሚያውቅ አመልክተዋል።

ሁለተኛው በቤልጂግ የጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሆነው ማርክ ብሪስባርት ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2016 ያሳተመው ጥናት ነው። ከ200,000 በላይ ሰዎች በበይነ መረብ የተሳተፉበት ይህ ጥናት ተፈታኙ እውነተኛ ቃላትን ከተፈጠሩ ሐሰተኛ ቃላት እንዲለይ ይጠይቃል፤ ሐሰተኛውን «አውቀዋለሁ» ያለ ተፈታኝ ነጥብ ይቀነስበታል። በውጤቱ መሠረት የ20 ዓመት ዕድሜ ያለው አሜሪካዊ አፍ ፈቺ በአማካይ 42,000 ለማዎችን ያውቃል፤ እነዚህም ከ11,100 የቃል ቤተሰቦች የተገኙ ናቸው። ሆኖም ከተፈታኞቹ በዝቅተኛው 5 በመቶ ላይ ያሉት 27,000፣ በከፍተኛው 5 በመቶ ላይ ያሉት ደግሞ 52,000 ለማዎችን ያውቃሉ። በአንድ ኅብረተሰብ ውስጥ በአንድ ቋንቋ አፋቸውን የፈቱ ሰዎች በቃላት ሀብታቸው እጥፍ ያህል ሊለያዩ ይችላሉ ማለት ነው። «የእንግሊዝኛ አፍ ፈቺ» የሚለው ስያሜ ብቻውን ስለ አንባቢው የቃላት ዕውቀት ብዙ የማይናገረው ለዚህ ነው።

ከዚሁ ጥናት ውጤቶች ውስጥ ለተነሳው ጥያቄ ይበልጥ የሚቀርበው ሌላ ነው። ሰው ከ20 ዓመት ዕድሜው እስከ 60 ዓመቱ ድረስ ባሉት ዓመታት ተጨማሪ 6,000 ለማዎችን ይማራል፤ ይህም በግምት በየሁለት ቀኑ አንድ አዲስ ቃል ነው። አዲስ ቃል ለመማር አስቀድሞ ከማያውቁት ቃል ጋር መገናኘት ያስፈልጋል። ስለዚህ እንግዳ ቃል ማየት በልጅነት ተጀምሮ በልጅነት የሚያበቃ ነገር እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ቃላት በጽሑፍ ውስጥ የሚሰራጩበት ሥርዓት

እንግዳ ቃላት ለምን እንደማያልቁ ለመረዳት የቃላትን ስርጭት መመልከት ያሻል። አሜሪካዊው የቋንቋ ሊቅ ጆርጅ ኪንግስሊ ዚፍ በ20ኛው ምእተ ዓመት አጋማሽ ላይ እንዳሳወቀው፣ በማንኛውም ረጅም ጽሑፍ ውስጥ ጥቂት ቃላት እጅግ ይደጋገማሉ፤ ብዙዎቹ ግን የሚታዩት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 ከታተሙ የአሜሪካ ጽሑፎች የተሰበሰበውና አንድ ሚሊዮን ቃላት የያዘው የብራውን ዩኒቨርሲቲ ኮርፐስ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። በዚህ ኮርፐስ ውስጥ «ዘ» የተባለው የእንግሊዝኛ መስተአምር ብቻውን ከጠቅላላው 7 በመቶ ያህሉን ይይዛል፤ በአንጻሩ ከተለያዩት ቃላት ግማሽ ያህሉ በመላው ስብስብ ውስጥ የተገኙት አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ይህ ስርጭት ሁለት ተቃራኒ የሚመስሉ ውጤቶችን ያስከትላል። በአንድ በኩል በመጠኑ ጥቂት የሆኑ ቃላትን ማወቅ አብዛኛውን ጽሑፍ ለመሸፈን ይበቃል። ፖል ኔሽን እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተመው ጥናት ከ8,000 እስከ 9,000 የሚደርሱ የቃል ቤተሰቦች ከልዩ ስሞች ጋር ተደምረው ከተጻፈ ጽሑፍ 98 በመቶ ያህሉን እንደሚሸፍኑ አሳይቷል። ከላይ የተጠቀሱት አዋቂ ተናጋሪዎች ከዚህ በላይ የሆነ ሀብት ስላላቸው ለእነርሱ እንግዳ የሚሆነው በአብዛኛው ጽሑፍ ከ2 በመቶ በእጅጉ ያነሰ እንደሚሆን ይጠበቃል። በሌላ በኩል ግን ያ ጥቂት ቅሪት እጅግ ብዙ የተለያዩ ቃላትን የያዘ ነው። ዊልያም ኔጊና ሪቻርድ አንደርሰን እ.ኤ.አ. በ1984 በአሜሪካ ከ3ኛ እስከ 9ኛ ክፍል በሚነበቡ የታተሙ ጽሑፎች ውስጥ ብቻ 88,500 ገደማ የተለያዩ ቃላት እንደሚገኙ ገምተዋል። ይህን ሁሉ አንድ በአንድ በክፍል ውስጥ ማስተማር እንደማይቻልም በዚያው ጥናት አስገንዝበዋል። እያንዳንዱ ብርቅ ቃል ለብቻው ሲታይ የመታየት ዕድሉ ኢምንት ነው፤ ብርቅ ቃላት በድምሩ ግን በየጽሑፉ መገኘታቸው አይቀርም።

የጽሑፉ ዓይነት

ብርቅ ቃላት በሁሉም ጽሑፎች ላይ እኩል አይሰራጩም። በዚህ ረገድ በሰፊው የሚጠቀሰው ዶናልድ ሄይስና ማርጋሬት አረንስ እ.ኤ.አ. በ1988 ያሳተሙት ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ በድግግሞሽ ከመጀመሪያዎቹ 10,000 ቃላት ውጭ የሆኑትን «ብርቅ» ብለው በመሰየም በየ1,000 ቃላት ውስጥ ስንት እንደሚገኙ ቆጥረዋል። በልጆች መጻሕፍት 30.9፣ በአዋቂዎች መጻሕፍት 52.7፣ በታዋቂ መጽሔቶች 65.7፣ በጋዜጦች 68.3፣ በሳይንሳዊ ጽሑፎች አኅጽሮት ደግሞ 128 ሆኖ ተገኝቷል። በአንጻሩ የኮሌጅ ምሩቃን ከወዳጆቻቸው ጋር በሚያደርጉት ንግግር ውስጥ የተገኘው 17.3 ብቻ ነው።

ከእነዚህ አኃዞች ሁለት ነገሮችን ማስተዋል ይቻላል። አንደኛ፣ ለልጆች የተጻፈ መጽሐፍ እንኳ ከተማሩ አዋቂዎች የዕለት ተዕለት ጭውውት ይልቅ በብርቅ ቃላት የበለጸገ ነው። ስለዚህ በንግግር ብቻ የሚያድግ የቃላት ሀብት ለመጽሐፍ ንባብ አይበቃም፤ በቋንቋው አፍ መፍታትም ይህን ክፍተት አይሞላውም። ሁለተኛ፣ በሳይንሳዊ አኅጽሮት ውስጥ ያለው የብርቅ ቃላት መጠን በአዋቂዎች መጻሕፍት ካለው በእጥፍ ይበልጣል። ልብ ሊባል የሚገባው ግን «ብርቅ» እና «እንግዳ» አንድ አለመሆናቸው ነው። አንድ ቃል ከመጀመሪያዎቹ 10,000 ውጭ ቢሆንም ለብዙ አንባቢዎች የታወቀ ሊሆን ይችላል፤ በመሆኑም የሄይስና የአረንስ አኃዞች ንጽጽርን እንጂ የእንግዳ ቃላትን ትክክለኛ ቁጥር አያመለክቱም።

ልብ ወለድም ቢሆን እንደ ጭብጡ ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ1851 የታተመው የሄርማን ሜልቪል «ሞቢ ዲክ» በመርከብና በዓሣ ነባሪ አደን ሙያ ቃላት የተሞላ ስለሆነ ብዙ ያነበበ አሜሪካዊ እንኳ ከማያውቃቸው ቃላት ጋር ያገናኘዋል። በዘመናችን በጋዜጣ ቋንቋ የተጻፈ የወንጀል ልብ ወለድ ግን ለዚያው አንባቢ በብዙ ገጾች ውስጥ አንድ እንግዳ ቃል ላያመጣ ይችላል።

ቀጥተኛው መለኪያ፦ የካርቨር ጥናት

እስካሁን የተጠቀሱት ጥናቶች አንድም አንባቢውን፣ አንድም ጽሑፉን ለየብቻ የለኩ ናቸው። ሁለቱን አገናኝቶ በመለካት የሚታወቀው ሮናልድ ካርቨር እ.ኤ.አ. በ1994 ያሳተመው ጥናት ነው። ካርቨር በአንድ ወገን የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን፣ በሌላው ወገን የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችን ወስዶ በተለያየ የክብደት ደረጃ ላይ ካሉ ጽሑፎች ውስጥ የማያውቋቸውን ቃላት እንዲያመለክቱ አድርጓል። የመለካቱ ብልሃት የጽሑፉን ክብደት ከአንባቢው ችሎታ ጋር በማነጻጸሩ ላይ ነው። ውጤቱም እንደሚከተለው ነበር፦

ጽሑፉ ከአንባቢው ችሎታ በታች ሲሆን የእንግዳ ቃላት መጠን ወደ 0 በመቶ ይጠጋል።
ጽሑፉ ከአንባቢው ችሎታ ጋር እኩል ሲሆን መጠኑ 1 በመቶ ገደማ ይሆናል።
ጽሑፉ ከአንባቢው ችሎታ በላይ ሲሆን መጠኑ 2 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ይደርሳል።

አንድ ገጽ 300 ቃላት ይይዛል ቢባል፣ ለደረጃው የሚመጥን ጽሑፍ የሚያነብ አፍ ፈቺ በየገጹ ሦስት፣ ከደረጃው በላይ የሆነ ጽሑፍ የሚያነበው ደግሞ ስድስትና ከዚያ በላይ እንግዳ ቃላት ይገጥሙታል። የሚያስገርመው ይህ ምጣኔ በሕፃናቱም ሆነ በድኅረ ምረቃ ተማሪዎቹ ዘንድ ተመሳሳይ መሆኑ ነው። አንባቢው ባደገ ቁጥር የሚመጥነው ጽሑፍም አብሮ ይከብዳል፤ እንግዳ ቃሉ ከአንባቢው ጋር ደረጃ በደረጃ ይወጣል እንጂ ወደ ኋላ አይቀርም።

ካርቨር ከዚህ ተነስቶ ለመምህራን አንድ ማሳሰቢያ ሰጥቷል። ቀላል ጽሑፍ ብቻ የሚያነብ ተማሪ ከአዲስ ቃላት ጋር እምብዛም ስለማይገናኝ የቃላት ሀብቱ በንባቡ ብዙ አያድግም። ይህ ማለት ግን ቀላል ንባብ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፤ ፍጥነትንና የንባብ ፍቅርን ያዳብራልና። ሆኖም የቃላት ዕድገት የሚፈለግ ከሆነ በጥቂቱ ከችሎታ በላይ የሆነ ጽሑፍ ማንበብ ያስፈልጋል።

አዋቂው አንባቢ በቀን ስንት እንግዳ ቃል ያያል?

ከላይ የቀረቡትን ውጤቶች በማጣመር ለአዋቂ አንባቢ ረቂቅ ስሌት ማቅረብ ይቻላል። ለዚህ አንድ ተጨማሪ አኃዝ ያስፈልጋል፤ እርሱም አንድን እንግዳ ቃል በንባብ ላይ አግኝቶ የመማር ዕድል ነው። ኔጊ፣ አንደርሰንና ኸርማን እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎች አንድን እንግዳ ቃል አንድ ጊዜ በማየት የመማር ዕድላቸው 5 በመቶ ገደማ መሆኑን አሳይተዋል። ስዋንቦርንና ደ ግሎፐር እ.ኤ.አ. በ1999 ሃያ ሙከራዎችን አጣምረው ሲመረምሩ ደግሞ መጠኑን 15 በመቶ አድርሰውታል።

አንድ አዋቂ በቀን ለግማሽ ሰዓት፣ በደቂቃ 238 ቃላት እያነበበ ይውላል እንበል፤ ይህ ፍጥነት ብሪስባርት እ.ኤ.አ. በ2019 ልብ ወለድ ላልሆነ ጽሑፍ ያስቀመጠው አማካይ ነው። ይህ አንባቢ በቀን 7,140፣ በሁለት ቀን 14,280 ቃላት ያነባል። በሁለት ቀን አንድ አዲስ ቃል ከንባብ ብቻ ይማራል ቢባልና የመማር ዕድሉ 15 በመቶ ቢሆን፣ በእነዚያ 14,280 ቃላት ውስጥ ሰባት ያህል እንግዳ ቃላት ሊገጥሙት ይገባል። ይህም በሰባት ገጽ አንድ ማለት ነው። የመማር ዕድሉ 5 በመቶ ከሆነ ደግሞ ሃያ እንግዳ ቃላት ያስፈልጉታል፤ ይህም በሁለት ገጽ ተኩል ገደማ አንድ ይሆናል።

ይህ ስሌት በግምቶች ላይ የቆመ ነው። ሰው ቃላትን ከንግግርና ከሌሎች መገናኛዎችም ይማራል፤ የመማር ዕድሉ የተለካውም በአዋቂዎች ላይ ሳይሆን በአብዛኛው በተማሪዎች ላይ ነው። ቢሆንም ውጤቱ ከካርቨር መለኪያ ጋር አይጋጭም። አዋቂዎች በነጻ ጊዜያቸው የሚያነቡት አብዛኛው ጽሑፍ ከችሎታቸው በታች ስለሆነ መጠኑ ከ1 በመቶ በታች መሆኑ የሚጠበቅ ነው። ስለዚህ ለተራ የዕለት ንባብ «በጥቂት ገጾች አንድ»፣ ለሙያዊና ለከባድ ጽሑፍ «በየገጹ ብዙ» የሚለው መልስ ለእውነቱ የቀረበ ነው ማለት ይቻላል።

ከእንግዳው ቃል በኋላ

አንባቢው እንግዳ ቃል ሲገጥመው በአራት መንገዶች አንዱን ይከተላል፤ ቃሉን መዝለል፣ ከአውድ መገመት፣ ከቃሉ አካላት መተንተን ወይም መዝገበ ቃላት መግለጥ። የዓይን እንቅስቃሴን የሚከታተሉ ጥናቶች አንባቢዎች በእንግዳ ቃል ላይ ከታወቀው ቃል ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ እንደሚቆዩ ያሳያሉ። ከዚያ በኋላ ግን ዓረፍተ ነገሩ በጠቅላላው ከተረዳ ብዙ ጊዜ ንባቡ ይቀጥላል።

አውድ ሁልጊዜ ታማኝ መሪ አይደለም። ቤክ፣ ማኪዎንና ማካስሊን እ.ኤ.አ. በ1983 እንዳመለከቱት አንዳንዱ አውድ ወደ ትክክለኛው ትርጉም ይመራል፣ አንዳንዱ ምንም አይጠቁም፣ አንዳንዱም ጭራሽ ወደ ስሕተት ይወስዳል። አንድን ቃል አንድ ጊዜ በማየት የመማር ዕድል ዝቅተኛ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የቃል አካላትን መተንተንም በእንግሊዝኛ የራሱ ችግር አለው። እ.ኤ.አ. በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ የፈረንሳይኛና የላቲን ቃላት በብዛት ገቡ፤ በኋላም የሳይንስ ቃላት ከላቲንና ከግሪክ ተወሰዱ። በዚህም የተነሳ የዕለት ተዕለቱ ቃልና የሊቃውንቱ ቃል ሥራቸው ተለያየ። ልብ «ሃርት» ሲባል የልብ የሆነው ግን «ካርዲያክ» ይባላል፤ የመጀመሪያውን ያወቀ ሁለተኛውን በድምፁ አይደርስበትም። ዴቪድ ኮርሰን እ.ኤ.አ. በ1985 ይህን ልዩነት የቃላት አጥር ብሎ በመሰየም፣ በቤታቸው የሊቃውንቱን ቃል ያልሰሙ የእንግሊዝኛ አፍ ፈቺ ልጆች በትምህርት ቤት ወደ ኋላ የሚቀሩበት አንዱ ምክንያት እርሱ መሆኑን ተከራክሯል። በግእዝ ቃላት የበለጸገ የቤተ ክህነት ጽሑፍ የሚያነብ አማርኛ ተናጋሪም ተመሳሳይ አጥር እንደሚገጥመው ልብ ይሏል።

የንባብ መጠን የሚፈጥረው ልዩነት

አንድ እንግዳ ቃል የመማር ዕድል እንዲህ ዝቅተኛ ከሆነ ተናጋሪዎች በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ቃላትን እንዴት ሊያውቁ ቻሉ? መልሱ ያለው በንባብ ብዛት ላይ ነው። አንደርሰን፣ ዊልሰንና ፊልዲንግ እ.ኤ.አ. በ1988 የአሜሪካ 5ኛ ክፍል ተማሪዎች ከትምህርት ሰዓት ውጭ የሚያነቧቸውን መጻሕፍት መዝግበዋል። በንባብ መጠን መካከለኛ የሆነው ተማሪ በዓመት 282,000 ቃላት ሲያነብ፣ በ90ኛው መቶኛ ደረጃ ላይ ያለው 1,823,000፣ በ10ኛው ላይ ያለው ደግሞ 8,000 ቃላት ብቻ ያነባል።

ከእነዚህ ቃላት 1 በመቶው እንግዳ ነው፣ ከእንግዶቹም 5 በመቶው ይለመዳል ብለን ብናሰላ፣ ብዙ የሚያነበው ተማሪ በዓመት 900 ያህል፣ መካከለኛው 140 ያህል፣ ጥቂት የሚያነበው 4 ቃላት ብቻ ይማራል። ስሌቱ ለማነጻጸር ያህል የቀረበ ቢሆንም የልዩነቱን ስፋት ያሳያል። ብዙ ቃል ያለው ብዙ ያነባል፤ ብዙ ያነበበም ተጨማሪ ቃል ያገኛል። ኪዝ ስታኖቪች እ.ኤ.አ. በ1986 ይህን የሚደራረብ ልዩነት ከማቴዎስ ወንጌል በተወሰደ ስያሜ «የማቴዎስ ውጤት» ብሎ ጠርቶታል።

ለሁለተኛ ቋንቋ አንባቢ ያለው ትርጉም

በኢትዮጵያ እንግሊዝኛ የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ ቋንቋ ነው። በድኅረ ምረቃ መርሐ ግብር ያለ ተማሪ አብዛኛውን የንባብ ጊዜውን የሚያሳልፈው በእንግሊዝኛ በተጻፉ መጻሕፍትና የጥናት ጽሑፎች ላይ ስለሆነ ከላይ የተዘረዘሩት ውጤቶች በቀጥታ ይመለከቱታል።

በሁለተኛ ቋንቋ ንባብ ጥናት ሁለት መነሻዎች በሰፊው ይጠቀሳሉ። ባቲያ ላውፈር እ.ኤ.አ. በ1989 ለበቂ መረዳት ከጽሑፉ ቃላት 95 በመቶውን ማወቅ እንደሚያስፈልግ ስትገልጽ፣ ሁና ኔሽን እ.ኤ.አ. በ2000 ልብ ወለድን ያለ እርዳታ አንብቦ ለመረዳት 98 በመቶ እንደሚያስፈልግ አሳይተዋል። 300 ቃላት ባለው ገጽ ላይ የመጀመሪያው አሥራ አምስት፣ ሁለተኛው ስድስት እንግዳ ቃላትን ይፈቅዳል። እዚህ ላይ አንድ መገጣጠም ይታያል። ለሁለተኛ ቋንቋ አንባቢ ያለ እርዳታ የመረዳት ወሰን ሆኖ የተቀመጠው 2 በመቶ፣ ካርቨር አፍ ፈቺው አንባቢ ከችሎታው በላይ በሆነ ጽሑፍ ላይ እንደሚገጥመው ካመለከተው መጠን ጋር አንድ ነው። የሁለቱ ጥናቶች አለካክ የተለያየ ስለሆነ ንጽጽሩ ግምታዊ ነው፤ ቢሆንም በገጽ ስድስት እንግዳ ቃላት የሚያገኝ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ከባድ ጽሑፍ በሚያነብ አፍ ፈቺ ወንበር ላይ ተቀምጧል ማለት ይቻላል። ችግሩ የሚጀምረው ቁጥሩ ወደ አሥራ አምስትና ከዚያ በላይ ሲያሻቅብ ነው፤ ያን ጊዜ በእንግዶቹ ቃላት ዙሪያ ያሉት ቃላት ራሳቸው ስለሚሳሱ ከአውድ መገመት ያዳግታል።

ከዚህ በመነሳት እንግዳ ቃላትን በሦስት ወገን ለይቶ ማየት ይጠቅማል። የመጀመሪያው በሁሉም የትምህርት ዘርፎች የሚደጋገመው አጠቃላይ የአካዳሚ ቃል ነው። አቬሪል ኮክስሄድ እ.ኤ.አ. በ2000 ያዘጋጀችው የአካዳሚ ቃላት ዝርዝር 570 የቃል ቤተሰቦችን ብቻ የያዘ ሲሆን ከአካዳሚያዊ ጽሑፎች 10 በመቶ ያህሉን ይሸፍናል። ከዚህ ወገን የሆነ ቃል እንግዳ ሆኖ ከተገኘ ንባብን አቁሞ መማሩ ተገቢ ነው፤ በሚቀጥለው ገጽ ተመልሶ ይመጣልና። ሁለተኛው የሙያ ቃል ነው። ይህ ከቋንቋ ዕውቀት ይልቅ ከዘርፉ ዕውቀት ጋር የተያያዘ ነው፤ በሌላ ዘርፍ የተማረ እንግሊዛዊም ሆነ አሜሪካዊ አያውቀውም፤ የሚማሩትም እንደ ጽንሰ ሐሳብ ነው። ሦስተኛው በጽሑፉ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቅ ብሎ የሚጠፋው ብርቅ ቃል ነው። የዓረፍተ ነገሩ ሐሳብ እስካልተዛባ ድረስ አፍ ፈቺው አንባቢ እንደሚያደርገው ምልክት አድርጎ ማለፍ ይቻላል።

ማጠቃለያ

የእንግሊዝኛ አፍ ፈቺ አንባቢ ከእንግዳ ቃል ነጻ አይደለም። ቀላል ጽሑፍ ሲያነብ በጥቂት ገጾች አንድ፣ ለደረጃው የሚመጥን ሲያነብ ከመቶ አንድ፣ ከደረጃው በላይ የሆነ ሲያነብ ከመቶ ሁለትና ከዚያ በላይ ይገጥመዋል። ይህ የሆነው በቃላት ስርጭት ጠባይ፣ በተናጋሪዎች መካከል ባለው ሰፊ የሀብት ልዩነትና በጽሑፎች መለያየት ምክንያት ነው። አፍ ፈቺውን ከሁለተኛ ቋንቋ አንባቢ የሚለየው እንግዳ ቃል አለማየቱ ሳይሆን፣ እንግዳው ቃል በሚያውቃቸው ቃላት ተከቦ የሚመጣለት መሆኑና ቃሉን አልፎ መሄድን አለመፍራቱ ነው። በከፍተኛ ትምህርት ተቋማት የንባብ ክህሎት ትምህርት የሚያዘጋጁ ወገኖች ዓላማቸውን «ሁሉንም ቃል ማወቅ» ከሚለው ይልቅ «የእንግዳ ቃላትን መጠን ከመቶ ሁለት በታች ማውረድና የቀሩትን መለየት» በሚለው ላይ ቢያደርጉ ከጥናቶቹ ውጤት ጋር የሚስማማና ሊደረስበት የሚችል ግብ ይሆናል።